ዐብላ ያመጣችው አደራ

ለመሆኑ መርፌ የማትወጋ፣ ኪኒን የማትሰጥ፣ «እስቲ ምላስሽን አውጪ» እንኳን የማትል ነርስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሐረር በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት እንዲህ ያለች አንዲት ነበረቻት። ጽጌሬዳ አባይነህ ትባላለች። ሰዉ ግን ስሟን ከመጥራት ይልቅ «ያቺ በር ዘጊዋ» ማለት ይቀናው ነበር።

ጽጌሬዳ እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት። አያቷ ከሸዋ ከዘመቱት ጋር መጥተው፣ አገሩ ጥሟቸው የቀሩ ወታደር ነበሩ። እሷ አዲስ አበባ ሄዳ የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ሆስፒታል ሦስት ዓመት ሠራች። እዚያ ሳለች አንድ ነገር ከነከናት። በሰንሰለት ታስረው ከሚመጡት ስንቶቹ፣ ጭንቀታቸው ገና ጭንቀት ብቻ ሳለ የሚሰማቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ እዚያ ግቢ ባልገቡ ነበር! ይህንኑ ይዛ አገሯ ተመለሰች፤ ከኤረር በር ወጣ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያ ሐኪሙን ለምና ለምና የፋሻና የጥጥ ማስቀመጫ የነበረችውን ክፍል አስፈቀደች። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። ሰው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ የገባው ይናገራል፣ እሷ ትሰማለች። ሕክምናው ይኸው ነው።

እናንተዬ፣ ይህ ለሐረር ሰው እንዴት ይዋጥለት! በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ የግቢ በር በቀን አይዘጋም። ጎረቤት ዘው ብሎ ይገባል፣ ልጅ ይሯሯጥበታል፤ በቀን የተዘጋ በር ካለ እዚያ ቤት የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። ታዲያ ይህቺ ሴት የመንግሥት ደመወዝ እየበላች፣ በጠራራ ፀሐይ በር ቆልፋ፣ የሰው ገመና የምትለቅመው ለማን ብላ ነው? በዚያ ላይ መጀመሪያ ሰሞን ደብተር ነበራት፤ የሚነግሯትን ትጽፍ ነበር። አለቀላት በሉ! «ጆሮ ጠቢ ናት» ተባለ። «ሰኞ የነገርናትን ማክሰኞ አዲስ አበባ ያነቡታል» አለ አንድ ጨርቅ ነጋዴ፣ እሱ ራሱ ደጇን ረግጦ ሳያውቅ። መዝገብ ቤት ያለው ዘውዴ ደግሞ፣ ያ አፉን የማይገዛ፣ ካርድ ሲያወጣ ሰው እየሰማ «በሽታህ የሚወጋ ነው ወይስ የሚወራ?» እያለ ይጠይቃል። እንዲህ ተጠይቆ ማን «የሚወራ ነው» ይላል?

ደብተሩን ተወችው። ቢሆንም የወጣ ስም አልመለስ አለ። በስምንት ወር ውስጥ የመጣላት ሰው ከአሥራ አንድ አይበልጥም፤ ከጀጎል ደግሞ አንድም የለበትም። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ቁርጡን ነገራት። «እስከ ሰኔ መጨረሻ ሰው ካልመጣልሽ ክፍሏን ለፋሻው እመልሳታለሁ፤ አንቺም ቁስል ወደ ማጠቡ ትመለሻለሽ።» ጽጌሬዳ ቁስል ማጠብን አትንቅም። ነገር ግን ይህን ሥራ የምትወደው በነፍሷ ነው፤ ከተወሰደባት ሌላ የሚሞላላት ነገር እንደሌለ ታውቀዋለች።

ቤቷስ? ቤቷ ሞቅ ያለ ነበር። ባሏ ተክለጻድቅ የመንግሥት መሬት ቀያሽ ነው፤ ረጅም፣ ተጫዋች፣ ገና ከደጅ ወሬውን ጀምሮ የሚገባ ሰው። ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራና ከዚያም ወዲያ ባለው ገጠር ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ ይውላል፤ ማታ ያየውንና የሰማውን፣ የገበሬውን ክርክር፣ የበሬውን ስም ሳይቀር ይነግራታል። እሷ ግን ከሥራዋ አንዲት ቃል ወደ ቤት አታመጣም። ሲጋቡ ተነጋግረው የጨረሱት ጉዳይ ነው። ተክለጻድቅም «ያንቺ ሆድ ጉድጓድ ነው» እያለ ይስቅባታል እንጂ ቅር ብሎት አያውቅም። ከተጋቡ ወዲህ ሥራው ሥራ፣ ቤቱ ቤት ሆኖ ቆየ፤ ጽጌሬዳም ሁለቱን አስማምቶ የመኖር ዘዴው የገባት መስሏት ነበር።

የግንቦት የመጀመሪያው ሰኞ ከጀጎል አንዲት ሴት መጣች።

ዐብላ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባሏ ሞቶባት ስፌት እየሰፋች የምትተዳደር ጠይም ቆንጆ። ጽጌሬዳ በደስታ የምትሆነውን አጣች፤ ተነሥታ ወንበር ሳበችላት። ዐብላ ግን አልተቀመጠችም። መስኮቱን አየች፣ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ሳይቀር አየች።

«አትጽፊም?» አለች።

«አልጽፍም።»

«ለሐኪሙስ?»

«ለሐኪሙም አልነግርም።»

«ለባልሽስ?»

«ለባሌም።»

ዐብላ በጣቷ የጽጌሬዳን አንገት አመለከተች። «በማተብሽ ማይልኝ።»

ጽጌሬዳ ማተቧን ይዛ ማለች። ዐብላም ያን ጊዜ ተቀመጠች፤ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ መሬት መሬት እያየች ጀመረች።

«አንድ ሰው አለ» አለች። «ባሌ አይደለም። ሐራም ነው፣ አውቃለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ክርስቲያን ነው፣ ሚስትም አለው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ነው የሚመጣው። መሬት የሚለካ ሰው ነው፤ ባለ ሦስት እግር ነገር ይዞ የሚዞር። ሲቀመጥ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል።»

ሐረር ከተማ ውስጥ ስንት ቀያሽ አለ? ቢበዛ አምስት። ሲቀመጥ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ የሚያደርገው አንድ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የሚያመሸውም አንድ ነው።

«ስሙን ልንገርሽ?» አለች ዐብላ።

«ካልፈለግሽ ይቅር» አለች ጽጌሬዳ። ኧረ በማርያም አትንገሪኝ ማለቷ ነበር።

«ተክለጻድቅ ነው ስሙ።»

ጽጌሬዳ ጆሮዋ ጭው አለ። ባሌ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይህ ነገር አንቺን ምን አደረገሽ?» አለቻት። በዚያች ሰዓት! ሌላ ሴት ብትሆን የዐብላን ሻሽ ከነፀጉሯ ይዛ ደጅ ባወጣቻት ነበር። ይህቺ ግን የተማረችው ቀድሞ ከአፏ ወጣ። ዐብላም «እንቅልፍ አሳጣኝ» ብላ አለቀሰች፣ «ሰኞ እመለሳለሁ» ብላም ሄደች።

ጽጌሬዳ ብቻዋን ቀረች። መጀመሪያ የመጣባት ጥያቄ ስለ ባሏ አልነበረም። ይህቺ ሴት ሚስቱ መሆኔን ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ካላወቀች እግዚአብሔር ነው አጋጥሞ የጣለባት። ካወቀችስ? ልትሳለቅባት መጣች? ባልሽን ልቀቂልኝ ማለቷ ነው? ቃል በቃል እያነሣች መረመረችው፤ የዐብላን እንባ እንኳን እውነተኛ ነበር አልነበረም ብላ ጠረጠረች። የሰው እንባ ስትጠራጠር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ተክለጻድቅ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ።

«ያ ከድር አይረባም!» አለ ገና ሲገባ። ከድር የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ሾፌር ነው። «ሐሙስ የገበያ ቀን ነው ብሎ ድንቹን ሲጭን፣ ሲያወርድ፣ ሲጭን አመሸን። የመንግሥት መኪና የድንች መኪና ሆነ እኮ!»

ድንች! ሐሙስ በመጣ ቁጥር ድንች! ስንት ጊዜ ስቃበታለች በዚህ ድንች። ዛሬ ግን ፊቱን አየችው፣ ዐይኑን አየችው፣ ሲሳሳቅ ጥርሱን ቆጠረችው። ውሸታም እንዲህ ነው እንዴ የሚስቀው? እንዲህ ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ሳህኑን አስቀምጣለት ራሴን አሞኛል ብላ ጓዳ ገባች። ሲታጠብ ኮቱን አሸተተችው፤ አቧራና የመኪና ዘይት ሸተታት። ኪሱን ፈተሸች፤ እርሳስና የተቀደደ ወረቀት አገኘች። ወረቀቱን ወደ መብራት አስጠጋችው፤ የማሳ ልክ የተጻፈበት ቁጥር ነው። ይህም አላሳረፋትም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገራችን ሰው። የጠረጠረውስ ምን እንደሚሆን ለምን አብሮ አይነገረንም? እኔ ልንገራችሁ፤ የጠረጠረ እንቅልፍ አይወስደውም፣ እህል አይበላለትም፣ የራሱ ቤት የሰው ቤት ይሆንበታል። ተክለጻድቅ ጮክ ብሎ ቢናገር ሊሸፍን ነው፣ ዝም ቢል የተደበቀ አለው፣ ስጦታ ቢያመጣ ጥፋቱን ሊያስረሳ ነው። ባዶ እጁን ቢመጣ ደግሞ ለሌላዋ ሰጥቶት ነው።

መጠየቅ አትችልም! ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። «ዐብላ የምትባል ሴት ታውቃለህ?» ካለች፣ በር ዘግታ የሰማችውን አወጣች ማለት ነው፤ መሐላዋን በላች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የጀጎል ሰው «አላልናችሁም?» ቢል መልስ የላትም። ዝም ካለች ደግሞ ቤቷ ከውስጥ ይበላል። አንድ ሐሙስ ልቧ አልችል ብሏት ከሥራ አስፈቅዳ በአሥር ሰዓት ወጣች። ኤረር በር ደርሳ፣ ጭድና ከሰል ከሚሸጡት መካከል ቆማ፣ ዐብላ ቤቴ ወዳለችው መንገድ አየች። ሄዳ ደጃፉ ላይ ብትቆም በዐይኗ ታየዋለች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። የምሄደው በምን ዕውቀት ነው? የነገረችኝ ታምሜያለሁ ብላ ነው እንጂ ሄደሽ ሰልዪኝ ብላ አይደለም። እግሯን እየጎተተች ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ ራሷን ሞኝ፣ ጅል፣ ነፈዝ እያለች ሰደበች።

ዐብላ በሁለተኛውም ሰኞ፣ በሦስተኛውም ሰኞ መጣች። በመጣች ቁጥር አንድ ነገር ትጨምራለች። «ሚስቱ ሥራ ስለምትወድ ቤት አትሞቅም ይለኛል» አለች አንድ ቀን። ሴትዮዋ ስትወጣ ጽጌሬዳ በሩን ዘጋች፣ ጉልበቷን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች።

ቤት ውስጥ የተክለጻድቅ ወሬ እየመነመነ ሄደ። «ምን አጠፋሁ?» ይላታል። «ምንም፤ ደክሞኝ ነው» ትለዋለች። አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በሦስተኛው ሐሙስ ማግስት፣ ቁርስ ላይ፣ ዳቦውን ቆርሶ ሳይበላው አስቀመጠና «ይህ ሥራ ነው የሚገድልሽ» አላት። «ከዚያ ክፍል የምትሸከሚውን ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ ግን እያየሁሽ እየሄድሽብኝ ነው። ሐኪሙ ክፍሏን ከሚወስዳት አንቺ ቀድመሽ ተያት። አለዚያ...» አልጨረሰውም። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ጽጌሬዳ ያንን «አለዚያ» ቀኑን ሙሉ ስትፈታው ዋለች። አለዚያ ዐብላ ጋ እሄዳለሁ ነው? ሰበብ እያዘጋጀ ነው? ወይስ ምስኪኑ ሰውዬ እውነቱን ነው?

በአራተኛው ሰኞ ዐብላ መጣች፤ ግን አልተቀመጠችም። ፊቷ ልክ አልነበረም። «አዴ ሐዲያ ይጠሩሻል» አለች።

አዴ ሐዲያን የማያውቅ የለም፤ የሴቶች አፎቻ መሪ ናቸው። አፎቻ በሐዘንም በሠርግም አብረው የሚቆሙ ሴቶች ማኅበር ነው፤ ጀጎል ውስጥ ከእነሱ ፈቃድ ውጭ ሴት አታገባም፣ ሬሳም አይሸኝም ብትሉ ብዙ አልዋሻችሁም። ጽጌሬዳ ጠረጠረች። የዐብላ ምስጢር በሌላ በኩል ወጥቶ፣ ያወጣችው እሷ መስላቸው ይሆናል፤ ጆሮ ጠቢዋን ይዘው ሊያዋርዷት ነው። ቢሆንም ሁልጊዜ ከመጨነቅ ቁርጡን ማወቅ ይሻላል ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻት። ጠባቡን መንገድ ግድግዳ ለግድግዳ ሄዱ፤ ዐብላ አንድም ጊዜ ዞራ አላየቻትም።

ቤቱ ውስጥ፣ ቀይ የተቀባው ከፍ ያለው መደብ ላይ፣ ሰባት ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። መካከላቸው ያሉት አዴ ሐዲያ ናቸው፤ ቀጭን፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዐይናቸው እንደ ወጣት የሚያይ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሏት። «ዐብላ የነገረችሽ ውሸት ነው።»

ጽጌሬዳ አልገባትም። «ምኑ?» አለች።

«ሁሉም። ወላሂ ውሸት ነው። ዐብላ ባልሽን ከሩቅ አይታው እንጂ ሰላምታ እንኳን ተለዋውጣው አታውቅም። ሾፌሩ ከድር የእኅቴ ልጅ ነው። ሐሙስ ድንቹን ሲጭን ባልሽ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እየተነጫነጨ መኪናው ውስጥ እንደሚጠብቀው ያጫወተን እሱ ነው። የቀረውን እኛ ጨመርንበት።»

«ለምን?» አለች።

«ልንፈትንሽ ነዋ። የሰው ምስጢር መያዝ ምን አለው? ማንም ይይዘዋል። የራስን ሆድ የሚያቃጥለውን መያዝ ነው ጭንቁ። ከባልሽ ብትጣዪ ጎረቤትሽ ይሰማል፤ ጎረቤትሽ ከሰማ በሁለት ቀን እኛ ጋ ይደርሳል። ሦስት ሳምንት ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን፤ ምንም የለም። ማሻአላህ! ዐብላም ብትሆን ስሟን አስይዛ ነው የመጣችው፤ ብታወጪባት ኖሮ ማን ያገባታል?»

ጽጌሬዳ ተነሣች። እንዲህ ስትናደድ እሷም ራሷን አታውቅም። «እኔ ገበያ የወጣሁ ድስት ነኝ? ተሰንጥቄ እንደሆነ እያንኳኳችሁ የምትገዙኝ?» አለች። «እኔ እኮ ሰው ነኝ! ሦስት ሳምንት የባሌን ኪስ ስፈትሽ፣ ኮቱን ሳሸት፣ ሳለቅስ ከረምኩ። ቤቴን አፈረሳችሁት እኮ አዴ ሐዲያ! እርስዎን የሚያህል ሰው!»

ዐብላ ጥግ ሆና አለቀሰች። ሌሎቹ አቀረቀሩ። አዴ ሐዲያ ግን አላቀረቀሩም። «እውነትሽን ነው» አሉ። «ተቆጪ፤ ብትሰድቢንም ይገባናል። ግን ለጨዋታ አላደረግነውም። ነዪ፤ ለምን እንደሆነ ላሳይሽ።»

ክንዷን ይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቧት። አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተበጥሯል፣ ልብሷ ንጹሕ ነው፣ ዐይኗ ግን የትም አያይም። ነሲማ ትባላለች፣ የአዴ ሐዲያ የልጅ ልጅ። በታኅሣሥ የወለደችው የመጀመሪያ ልጇ በአርባ ቀኑ ሞተ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም። ሸኹም ቁርአን ቀሩባት፣ የሥር አዋቂም አየላት፤ ወይ ፍንክች። ባሏ ጅጅጋ ነው የሚነግደው፤ ለቤተሰቦቹ ወባ ነው ብለዋቸዋል። ጂን ያዛት፣ አበደች ከተባለ ይፈቷታል፤ ታናናሽ እኅቶቿንም ማንም አያጭም።

«ይህንን ደጅ ለሚያወጣ ሰው ማሳየት አልችልም ነበር» አሉ አዴ ሐዲያ። አሁን እሳቸውም አቀረቀሩ። «ልጄ፣ እኔ ሌላ መፈተኛ አላውቅም።»

ጽጌሬዳ መሄድ ፈልጋ ነበር። እውነቱን ለመናገር እዚያ ቤት ያለውን ሁሉ ጠልታው ነበር፤ ልጅቱን ግን መጥላት አቃታት። ጎኗ ቁጭ አለች። አልጠየቀቻትም፣ አልነካቻትም። አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላ አብራት ተቀመጠች። ነሲማ ምንም አላለችም።

ስትወጣ አዴ ሐዲያ ደጃፉ ድረስ ሸኟት። «ከነገ ጀምሮ የአፎቻችን ሴቶች ወዳንቺ ይመጣሉ» አሏት። «ክፍልሽ አይዘጋም፤ በኔ ጣይው።»

«ለባሌ ልንገረው?»

«ያንን? ያ የኛ ውሸት ነው፤ ንገሪው። የነሲማን ግን...»

«የነሲማን አላነሣም።»

ከጀጎል እስከ ቤቷ እየሮጠች ሄደች ብላችሁ እመኑኝ። እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ ሰው እያያት። ሥራዋም ተረፈ፣ ባሏም ንጹሕ ነው! ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ተክለጻድቅ ቀድሟት ገብቶ ነበር፤ ፀሐዩ ሳይገባ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የመሣሪያውን እግር ብሎን ያጠብቃል። አጠገቡ ተንበርክካ፣ እያለከለከች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። የነሲማን ብቻ ተወች፤ «የፈተኑኝ ለአንድ ሕመምተኛ ብለው ነው» ብላ አለፈችው።

ድንቹ ላይ ስትደርስ ተክለጻድቅ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«መቼ ነው የነገረችሽ?»

«ግንቦት እንደገባ።»

«ሦስት ሐሙስ» አለ። «ሦስት ሐሙስ እኔ ስለ ከድር ድንች ስቀባጥር አንቺ እየሰማሽኝ ነበር።»

«ልነግርህ አልችልም ነበር ተክሌ! በማተቤ ምዬ...»

«እሱን አይደለም የምልሽ። አለመንገርሽ ሥራሽ ነው፤ ጥንቱንም የተስማማነው ነው። አላማሽም።» ፊቱን ቀና አድርጎ አያት። «ግን አመንሻት?»

ጽጌሬዳ መዋሸት ትችል ነበር። ተጠራጠርኩ እንጂ አላመንኩም ማለት ይቻላል፤ ቃሉም አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰውን እውነቱን ተናገሩ፣ ይቀላችኋል እያለች የምትውል ሴት ባሏን እንዴት ትዋሸው?

«አመንኳት» አለች።

መንገድ ላይ ሰው እያለፈ «እንደምን ዋላችሁ» አለ፤ ሁለቱም አልመለሱለትም።

«እኔ ስላንቺ ስንት ሰማሁ መሰለሽ?» አለ ተክለጻድቅ። «ቢሮ ድረስ መጥተው ነግረውኛል። ሚስትህ ከወንድ ጋር በር ዘግታ ነው የምትውለው አሉኝ። አንዱማ የገባውን ሰው ስም፣ የወጣበትን ሰዓት ሳይቀር ቆጠረልኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አንቺ አልሰማሽም። አንድ ቀን ጠየቅኩሽ?»

«አልጠየቅከኝም።»

«ያልጠየቅኩሽ ታግሼ አይደለም። የምታገሠው ነገርም አልነበረም። ስላላመንኳቸው ነው።»

ተነሣ፤ ቤት ገብቶ ኮቱን ለብሶ ወጣ። «ጥቂት ቀን እናቴ ጋ ልክረም» አለ።

«ትመለሳለህ?»

«ዛሬ አትጠይቂኝ» አለና ሄደ። ጽጌሬዳ መፍቻውን ከመሬት አንሥታ እጇ ላይ ይዛ ቀረች።

በማግስቱ ዐይኗ አባብጦ ሥራ ገባች። ሦስት የጀጎል ሴቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ዘውዴም ካርዱን አፉን ዘግቶ አወጣላቸው። ስምንት ወር የለመነችው ነገር ይኸው መጣላት፤ ደስ አላላትም። አንድ በአንድ ሰማቻቸው። በምሳ ሰዓት ነጠላዋን ተከናንባ ወደ አዴ ሐዲያ ቤት ወረደች።

ነሲማ ያው ግድግዳዋን ተደግፋለች። ጽጌሬዳ እንደ ትናንቱ ጎኗ ተቀመጠች። ልትሠራ የመጣችው ሥራ ነበር፤ አሳቧ ግን በባሏ እናት ደጅ ነው፤ በልቶ ይሆን፣ ተኝቶ ይሆን፣ እየረገማት ይሆን? እንባዋ መጣ። ሕመምተኛ ፊት አይለቀስም፤ እንዲህ ብለው ነው ያስተማሯት። ፊቷን ዞር አድርጋ በነጠላዋ ጠረገች።

«ማን ሞተብሽ?»

ድምፁ የተሻከረ፣ የደረቀ ነው። ጽጌሬዳ መጀመሪያ ከሌላ ክፍል የመጣ መስሏት ነበር። ዞር ስትል ነሲማ እያየቻት ነው።

«ማንም አልሞተብኝም» አለች ጽጌሬዳ። «ባለቤቴን አስቀየምኩት። ሄደብኝ።»

ነሲማ ብዙ አሰበች። ከአራት ወር በኋላ ቃል መፈለግ ቀላል አይደለም።

«ይመለሳል?»

«አላውቅም።»

«የኔ አይመለስም» አለች ነሲማ።

ያን ጊዜ አለቀሰች፣ ልጇ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ጽጌሬዳም ዐይኗን ሳትጠርግ ወደ እሷ ጠጋ አለች።